ለባልደረባ የሚተው ቁጥር
(ስለ ዓለም የዳርት ዋንጫ ለስፖርት ወዳጆች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

እንደምን ዋላችሁ። አዘጋጆቹ ስለ ዳርት እንድናገር ሲጋብዙኝ የታላላቆቹን ተጫዋቾች ታሪክ እንድተርክላችሁ ጠብቀው ይሆናል። እሱን ሌላ ቀን እንመለስበታለን። ዛሬ የማወራው አገር ከአገር፣ ሁለት ሰው ከሁለት ሰው ስለሚገጥምበት ስለ ዓለም የዳርት ዋንጫ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በየመሃሉ እየቆምኩ አላስታውሳችሁም።

በጁን 2025 ፍራንክፈርት ውስጥ የሆነውን ታስታውሱ ይሆናል። እንግሊዝ ሁለት ሉኮችን ይዛ መጣች። አንዱ ሉክ ሀምፍሪስ፣ የ2024 የዓለም ሻምፒዮን። ሌላው ሉክ ሊትለር፣ የ2025 የዓለም ሻምፒዮን፤ ያንን ዋንጫ ያነሣው ገና በ17 ዓመቱ ነው፤ በታሪክ ከሱ ያነሰ ሻምፒዮን የለም። በደረጃ ሰንጠረዡ 1ኛውና 2ኛው ሰው እነሱ ነበሩ። በወረቀት ላይ ካየነው እንዲህ ያለ ጥንድ ማንም አገር ሊያሰልፍ አይችልም። በመጀመሪያ ጨዋታቸው ከጀርመኖቹ ማርቲን ሺንድለርና ሪካርዶ ፒትሬችኮ ጋር ገጠሙ፤ 8 ለ 4 ተሸነፉና ሻንጣቸውን አዘጋጁ።

አንዳንዱ ዕድል ነው አለ፣ አንዳንዱ የጀርመን ተመልካች ጩኸት ነው አለ። ሁለቱም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። እኔ ግን ዛሬ ላስረዳችሁ የመጣሁት ሌላ ነገር ነው፦ በጥንድ ዳርት መጫወት ብቻውን ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ብቻውን የሚያሸንፍ ሰው ሁሉ ይህን ሙያ አብሮ ይዞት አይመጣም።

ጨዋታውን ለማያውቁ ባጭሩ ልንገር፣ የምታውቁ ታገሡኝ። ሰሌዳው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ መሃል ነጥቡ ከወለሉ 1.73 ሜትር ከፍ ይላል። ወርዋሪው ከሰሌዳው ፊት 2.37 ሜትር ርቆ መስመሩ ላይ ይቆማል። ሰሌዳው ከ1 እስከ 20 በተቆጠሩ 20 ክፍሎች ተከፍሏል። በየክፍሉ ሁለት ቀጫጭን ቀለበቶች ያልፋሉ፤ የውጭኛው ደብል ይባላል፣ ነጥቡን በሁለት ያባዛል፤ የውስጠኛው ትሬብል ነው፣ በሦስት ያባዛል። የቀለበቶቹ ስፋት 8 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ከ2 ሜትር በላይ ርቀት ላይ ሆናችሁ 8 ሚሊ ሜትር መምታት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አንድ ሰው በአንድ ተራ ሦስት ፍላጻ ይወረውራል፤ ሦስቱም ትሬብል 20 ላይ ካረፉ 180 ነው፣ ከዚያ በላይ የለም።

ቁጥሩ የሚጀምረው ከ501 ነው፤ የመታችሁት ሁሉ ይቀነሳል። ዜሮ ላይ ቀድሞ የደረሰ ሌጉን፣ ማለትም ያንን አንድ የ501 ጨዋታ፣ ይወስዳል፤ ግን መዝጊያው ፍላጻ የግድ ደብል ላይ ወይም መሃል ባለችው ባለ 50 ነጥብ ቡል ላይ ማረፍ አለበት። ከተረፈው ቁጥር አልፋችሁ ከመታችሁ ወይም 1 ብቻ ከቀራችሁ ተራው ይቃጠላል፤ ቁጥሩ ተራው ሲጀመር ወደነበረበት ይመለሳል። ሕጉ ይኸው ነው።

አሁን ይህንኑ ጨዋታ ለሁለት ሰው ስጡት። ሁለቱ ባልደረቦች የጋራ 501 አላቸው። አንዱ ሦስት ፍላጻ ይወረውራል፣ ተቃራኒው ይወረውራል፣ ከዚያ ሁለተኛው ባልደረባ፣ ከዚያ የተቃራኒው ሁለተኛ። አንድ ደብዳቤ ሁለት ሰው ዓረፍተ ነገር እየተፈራረቀ ሲጽፈው ማለት ነው፤ አንዱ የጀመረውን ሐሳብ ሌላው ይጨርሳል፣ እጅ ጽሑፋቸውም አይመሳሰልም።

ነገሩ የሚጠናው መዝጊያው ሲቃረብ ነው። 52 ቀርቶ በእጅ አንድ ፍላጻ ብቻ አለ እንበል። ነጠላ 12፣ ማለትም ከቀለበቶቹ ውጭ ያለውን 12፣ ብትመቱ 40 ይቀራል፣ ያ ደብል 20 ነው። ነጠላ 20 ብትመቱ 32 ይቀራል፣ ያ ደብል 16 ነው። ብቻችሁን ስትጫወቱ የምትወዱትን ትተዋላችሁ፤ የመጣችሁትም እናንተ፣ የምትመለሱትም እናንተ። በጥንድ ግን የሚመለሰው ሌላ ሰው ነው። እናንተ ደብል 16 ትወዱ ይሆናል፣ ባልደረባችሁ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ደብል 20 ላይ ያደገ ሰው ነው። ስለዚህ እጃችሁ ያልለመደውን 12 መምታት ይኖርባችኋል። ባለሙያ ወርዋሪ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዓታት ያሰለጠነው እጁን ነው። ያንን እጅ «ዛሬ ለሌላ ሰው ብለህ ወርውር» ማለት ቀላል ትእዛዝ አይደለም።

በዚያው 52 ላይ ሌላ አደጋም አለ። ነጠላ 20 ስታነጣጥሩ ፍላጻው ትሬብሉ ውስጥ ከገባ 60 ይሆናል፤ ከ52 አለፈ፣ ተራው ተቃጠለ። ነጠላ 12 ስታነጣጥሩ ትሬብሉ ውስጥ ቢገባ ግን 36 ነው፤ 16 ይቀራል፣ ባልደረባችሁ ደብል 8 ይጠብቀዋል፣ ጉዳት የለውም። ይህን ሁሉ የሚያሰላው ሰው እጁ ላይ አንድ ፍላጻ ይዞ፣ ሺዎች እየዘፈኑ፣ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ነው።

ስለ 32 ትንሽ ልጨምር፣ ለምን እንደሚወደድ ማወቅ ይጠቅማል። ደብል 16 ስታነጣጥሩ ወደ ውስጥ ስታችሁ ነጠላ 16 ብትመቱ 16 ይቀራል፣ ደብል 8 ነው። እሱንም ስታችሁ ነጠላ 8 ብትመቱ 8 ይቀራል፣ ደብል 4። ከዚያ ደብል 2፣ ከዚያ ደብል 1። በስሕተት ላይ ስሕተት ብትሠሩም ቁጥሩ ሁልጊዜ ለሁለት ይካፈላል። 40 ግን ሁለቴ ከተሳተ በኋላ 10 ላይ፣ ማለትም ደብል 5 ላይ ያደርሳችኋል፤ እሱንም ስታችሁ ነጠላ 5 ከመታችሁ 5 ይቀራል፣ ጎደሎ ቁጥር ነው፣ ሌላ ፍላጻ ማጥፋት አለባችሁ። እንግዲህ ደብል 16 የሚወድና ደብል 20 የሚወድ ሲጣመሩ የሚጋጩት በጣዕም ብቻ አይደለም፤ ቢሳትስ ምን ይተርፋል በሚለው ስሌትም ነው።

ከፍ ወዳለ ቁጥር እንሂድ። በሦስት ፍላጻ ሊዘጋ የሚችለው ትልቁ ቁጥር 170 ነው፦ ትሬብል 20፣ ትሬብል 20፣ ቡል። ከ170 በታች ሆነው በሦስት ፍላጻ የማይዘጉ ሰባት ቁጥሮች አሉ፦ 169፣ 168፣ 166፣ 165፣ 163፣ 162ና 159። አሁን ቡድኑ 229 ቀርቶታል እንበል። ወርዋሪው ሁለት ጊዜ ትሬብል 20 ሞክሮ ሁለቱም ነጠላ 20 ሆኑበት፣ 189 ቀረ። አንድ ፍላጻ አለው። ልማዱ ወደ 20 ይስበዋል። ነጠላ 20 ከመታ ግን 169 ይቀራል፤ ባልደረባው መጥቶ መዝጋት አይችልም። ፍላጻውን ወደ 19 ካዞረና ነጠላ 19 ከመታ 170 ይቀራል፣ በሩ ተከፈተ። ልዩነቱ አንድ ነጥብ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየው ሰውየው ሁለት ጊዜ ትሬብል ስቶ በመጨረሻ አንድ ነጠላ 19 መምታቱ ነው፤ ተመልካቹ «ዛሬ እጁ ከድቶታል» ይላል። ለእኔ ግን ያች ሦስተኛ ፍላጻ ከ180 ያላነሰ ዋጋ አላት። የአማካይ ነጥብ ሰንጠረዥ ይህን አይቆጥርም፤ እንዲያውም አንድ ነጥብ ይቀንስበታል።

ከቁጥሩ ሌላ ጊዜ አለ። ብቻውን የሚጫወት ሰው የሚጠብቀው የአንድ ተቃራኒ ተራ ነው። ይወረውራል፣ ፍላጻውን ይነቅላል፣ ዞር ይላል፣ ተመልሶ ይቆማል። ይህ ምት ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ ታላላቆቹ ተጫዋቾች ሲፈጥኑ የምታዩት በዚህ ምት ላይ ስለሚሄዱ ነው። በጥንድ ግን ከአንዱ ተራው እስከ ቀጣዩ የሦስት ሰዎች ተራ ያልፋል። ክንዱ ይቀዘቅዛል፣ ሐሳቡ ይባዝናል፣ ባልደረባው ቢስት ማዘን፣ ቢመታ መጨብጨብ አለበት። በ15 ፍላጻ በሚያልቅ ሌግ አንዱ ባልደረባ ሦስት ተራ፣ ሌላው ሁለት ተራ ብቻ ነው የሚያገኘው። ሁለት ተራ ማለት ስድስት ፍላጻ ነው። በስድስት ፍላጻ ውስጥ ማን እጁን ያፍታታል?

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር፣ ማን ይጀምር የሚለው ነው። ሌጉን የከፈተው ሰው ከቡድኑ ተራዎች 1ኛውን፣ 3ኛውንና 5ኛውን ይወረውራል፤ ባልደረባው 2ኛውን፣ 4ኛውንና 6ኛውን። በ12 ፍላጻ የሚዘጋ ሌግ መዝጊያው የሁለተኛው ሰው ነው፤ በ15 የሚዘጋ የመጀመሪያው ሰው፤ በ18 የሚዘጋ እንደገና የሁለተኛው። ብዙ ነጥብ የሚሰበስበው ማን ነው፣ ደብል ላይ የማይንቀጠቀጠው ማን ነው የሚለውን ያወቀ ጥንድ ይህን አስቀድሞ ያሰላዋል። ያላወቀ ደግሞ ታዋቂውን ሰው ከፊት ያቆማል።

ወደ ውድድሩ ታሪክ ልሻገር። የአገሮች የዳርት ውድድር አዲስ ነገር አይደለም። የዓለም ዳርት ፌዴሬሽን በ1976 ተመሠረተ፤ በማግስቱ ዓመት፣ በ1977፣ የመጀመሪያውን የዓለም ዋንጫ ለንደን ላይ አካሄደ። ያንን የወሰደችው ዌልስ ናት፤ የነጠላውንም ድል ዌልሳዊው ሌይተን ሪስ ወሰደው፤ እሱ በ1978 የመጀመሪያው የፕሮፌሽናል የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሰው ነው። ይህ ዋንጫ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄድ፣ ነጠላም ጥንድም ባለ አራት ሰው ቡድንም ያለበት ሰፊ ድግስ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን ዳርት ለሁለት ተሰነጠቀ። ታዋቂዎቹ ተጫዋቾች ከነባሩ የብሪታንያ ድርጅት ተለይተው የራሳቸውን አቋቋሙ፤ ዛሬ ፒዲሲ ተብሎ የሚታወቀው እሱ ነው። ገንዘቡም ቴሌቪዥኑም ወደዚያ ሄደ። ችግሩ፣ በአዲሱ ቤት ሁሉም ለራሱ ነበር የሚጫወተው፣ የአገር ውድድር አልነበረም። ፒዲሲ የራሱን የዓለም ዋንጫ የጀመረው በ2010 ነው፤ በ24 አገሮች፣ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሃውተን ለ ስፕሪንግ ውስጥ። ሬይመንድ ቫን ባርኔቬልድና ኮ ስቶምፔ ለኔዘርላንድስ ወሰዱት፣ ዌልስን ረትተው። በ2011 አልተካሄደም። በ2012 ወደ ሃምቡርግ ሄደ፣ ከዚያም ጀርመን ቤቱ ሆነች፤ በ2020 ብቻ ወደ ኦስትሪያ፣ ሳልዝቡርግ ወጣ አለ። ጀርመን ይህን ያህል ጊዜ ደግሳ እስከ 2025 አንድም ጊዜ ዋንጫውን አላነሣችም፤ አዳራሹ ግን ሁልጊዜ ይሞላል። ለጨዋታው ያላቸውን ፍቅር ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም።

የ2012ቱ ፍጻሜ ሊታለፍ አይገባም። እንግሊዝ ፊል ቴይለርንና ኤድሪያን ሉዊስን አሰለፈች፤ አውስትራሊያ ሳይመን ዊትሎክንና ፖል ኒኮልሰንን። 3 ለ 3 ሆኑና አንድ ሌግ ቀረ፣ እሱም የጥንድ። ዋንጫውን በአንድ ደብል የሚወስዱበት ዕድል በተራ በተራ ለሁለቱም እየመጣ፣ ሁለቱም እየሳቱ፣ ሌጉ ተጎተተ። እዚያ የቆሙት አማተሮች አልነበሩም። ቴይለር በዘመኑ 16 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ ሰው ነው፤ ሉዊስ የ2011ና የ2012 ሻምፒዮን ነበር። ብቻቸውን ቢሆኑ እጃቸውን አጣጥፈው የሚዘጉትን ቁጥር፣ ባልደረባ ከኋላ ቆሞ ሲያያቸው ሳቱት። በመጨረሻ እንግሊዝ 4 ለ 3 ወሰደች። ጥንድ ጨዋታ በሰው ክንድ ላይ ምን እንደሚጭን ማየት የሚፈልግ ያንን ሌግ ፈልጎ ይመልከት።

እስከ 2018 ከተካሄዱት የመጀመሪያዎቹ ስምንት ውድድሮች አራቱን እንግሊዝ፣ አራቱን ኔዘርላንድስ ወሰዱ። ሦስተኛ አገር አልነካውም። ቴይለርና ሉዊስ አብረው አራት ጊዜ፣ ማይክል ቫን ገርዌንና ቫን ባርኔቬልድ አብረው ሦስት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ያለውን ስሙ፦ 2019 ስኮትላንድ፣ 2020 ዌልስ፣ 2021 ስኮትላንድ፣ 2022 አውስትራሊያ፣ 2023 ዌልስ፣ 2024 እንግሊዝ፣ 2025 ሰሜን አየርላንድ። ሰባት ውድድር፣ አምስት አሸናፊ አገር።

ምን ተለወጠ? ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ ደንቡ ነው። በድሮው አሠራር ከመጀመሪያው ዙር በኋላ እስከ ግማሽ ፍጻሜ አገሮች በቅድሚያ ሁለት የነጠላ ጨዋታ ይጫወቱ ነበር፤ 1 ለ 1 ከሆኑ ብቻ ጥንዱ ይወስን ነበር። ሁለት ኃያል ሰው ያላት አገር ጥንድ ሳትጫወት ዙሩን ልታልፍ ትችል ነበር። በ2023 ይህ ቀረ፤ ከመጀመሪያ እስከ ፍጻሜ ሁሉም ጨዋታ ጥንድ ሆነ። 40 አገሮች ገቡ፤ 36ቱ በሦስት በሦስት ተከፍለው 12 ምድብ ይሆናሉ፣ የየምድቡ አንደኛ ያልፋል፤ ከላይ ያሉት አራት አገሮች ግን ምድብ ሳይጫወቱ በሁለተኛው ዙር ይቀላቀላሉ። ከዚያ 8 ሌግ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል፣ ፍጻሜው እስከ 10 ነው።

መልሱ ጥሩ ነው፣ ግን የዘመን ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። የሁለቱ አገሮች አገዛዝ የተሰበረው በ2019 ነው፣ ደንቡ ከመቀየሩ አራት ዓመት ቀድሞ። ስለዚህ ደንቡ ብቻውን አላደረገውም። በእኔ ግምት ዋናው ምክንያት የነዚያ ጥንዶች ማርጀትና መለያየት ነው። ቴይለር በ2018 መጀመሪያ ጡረታ ወጣ። አብረው ስንት ዓመት የተለማመዱ ሰዎች ሲለያዩ፣ የተተኩት ግለሰቦች ችሎታ ቢኖራቸውም ጥንድ አልነበሩም። በዚያው ጊዜ ዌልስ ገርዊን ፕራይስንና ጆኒ ክሌይተንን አጣምራ ለዓመታት ያዘች፤ እነሱ በ2020፣ በ2022፣ በ2023ና በ2025 ለፍጻሜ ደረሱ። አራት ፍጻሜ፣ ሁለት ዋንጫ። የ2023ቱን ስኮትላንድን 10 ለ 2 ነው ያሸነፉት። ሁለቱን ስትመለከቷቸው በጠባይ ሰማይና ምድር ናቸው፤ ፕራይስ ይጮኻል፣ ክሌይተን ፈገግ ይላል። ቁጥር ሲተዉ ግን አንድ ሰው ናቸው።

የ2021ዱን የስኮትላንድ ድል ካነሣሁ ግን የራሴን ክርክር የሚፈታተን ነገር መናገር አለብኝ። ስኮትላንድ የለመደችው ጥንድ ጋሪ አንደርሰንና ፒተር ራይት ነበሩ፤ በ2019 ያሸነፉትም እነሱ ናቸው። በ2021 አንደርሰን ሳይሳተፍ ቀረ፣ በቦታው ጆን ሄንደርሰን ተጠራ። የ48 ዓመት ሰው፣ ትልቅ የቴሌቪዥን ዋንጫ በሕይወቱ አንሥቶ የማያውቅ። ከራይት ጋር ሆኖ በፍጻሜው ኦስትሪያን 3 ለ 1 ረታ። የልምምድ ዓመታት የት አሉ? የሉም። እኔ ይህን የማነበው እንዲህ ነው፦ ራይት በጊዜው ከዓለም ምርጦች አንዱ ነበር፣ ሄንደርሰን ደግሞ እኩል ኮከብ ልሁን ብሎ አልመጣም። ሚናቸው ከመጀመሪያው የለየለት ነበር። ሁለት ሻምፒዮኖች ሲጣመሩ የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ማን ለማን ቁጥር ይተው?

ሌላ የምወደው ምሳሌ ሲንጋፖር ናት። ፖል ሊም በ1990 በዓለም ሻምፒዮና ታሪክ የመጀመሪያውን ባለ ዘጠኝ ፍላጻ ሌግ የወረወረ ሰው ነው፤ ማለትም 501ን በሚቻለው ትንሹ የፍላጻ ብዛት ዘጋ። ለዚያች ሌግ 52,000 ፓውንድ ተከፈለው፤ ውድድሩን ያሸነፈው ፊል ቴይለር ግን ያገኘው 24,000 ነበር። በ2017፣ በ63 ዓመቱ፣ ከሀሪት ሊም ጋር ሆኖ ፍራንክፈርት ላይ ስኮትላንድን 5 ለ 2 አሰናበተ፤ አንደርሰንንና ራይትን! ያን ጊዜ የመጀመሪያው ዙር ጥንድ ብቻ ነበር፤ አጭር ጨዋታ ነው፣ አንዴ ከተንሸራተቱ መነሻ የለም።

ወደ እንግሊዝና ወደ 2025 እንመለስ። የሀምፍሪስና የሊትለር አገር ከላይኞቹ አራት አንዷ ስለሆነች ምድብ አልተጫወቱም። ጀርመኖቹ ግን ምድባቸውን አልፈው፣ መድረኩን ለምደው፣ በጥንድ እጃቸውን አሟሙቀው ነበር የጠበቋቸው። ለኃያላኑ የተሰጠው ዕረፍት በሌላ ስፖርት ጥቅም ነው፤ እዚህ ግን ቀዝቃዛ እጅ ይዞ መግባት ነው። በእርግጥ በ2024 እንግሊዝ በዚሁ መንገድ ገብታ፣ በሀምፍሪስና በማይክል ስሚዝ፣ ኦስትሪያን 10 ለ 6 ረትታ አሸንፋለች። ስለዚህ መንገዱ የማይቻል አይደለም፤ ስሕተት ለማረም ግን ጊዜ አይሰጥም።

የ2025ን ዋንጫ የወሰዱት ጆሽ ሮክና ዳሪል ገርኒ ናቸው፣ ሰሜን አየርላንዶች። በፍጻሜው እነፕራይስን 10 ለ 9 አሸነፉ፤ ከ19 ሌግ የሚያልቀው በ19ኛው ነበር ማለት ነው። ለአገራቸው የመጀመሪያው ነው፣ ዋንጫውን ያነሣች ስድስተኛዋ አገርም ሆነች። ሮክ በ20ዎቹ ዕድሜ ያለ ፈጣን ነጥብ ሰብሳቢ፣ ገርኒ ብዙ መድረክ ያየ ሰው። ዋንጫው በነገራችን ላይ የኤሪክ ብሪስቶውን ስም ይዟል፤ እሱ አምስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የነበረ፣ በ2018 ያረፈ እንግሊዛዊ ነው።

በ2025 ለአሸናፊዎቹ 80,000 ፓውንድ ተሰጠ፣ ለሁለት ተካፈሉት። የውድድሩ ጠቅላላ ሽልማት 450,000 ነበር። የሚገርመው፣ ይህ ገንዘብ ለግል ደረጃ ሰንጠረዥ አይቆጠርም። በዳርት ደረጃ የሚወጣው ባሸነፉት ገንዘብ ስለሆነ፣ እዚህ ማሸነፍ በሰንጠረዡ አንድ እርከን አያወጣም። እንዲያም ሆኖ ሲያሸንፉ የሚያለቅሱትን ስታዩ ሰንጠረዡ ሁሉን እንደማይለካ ይገባችኋል።

ከታዳሚ የቀረቡ ጥያቄዎችን ባጭሩ ላስገባ።

አንዲት እህት «ነጠላው ቢመለስ አይሻልም ወይ? ሊትለርን ብቻውን ማየት እንፈልጋለን» ብለው ጠየቁ። እህቴ፣ ሊትለርን ብቻውን የሚያዩበት ውድድር በዓመቱ ሞልቷል፤ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል። ጥንድን የሚያዩበት አንድ ነው። እሱንም ነጠላ ካደረግነው ለምን ባንዲራ እንሰቅላለን?

አንድ ወጣት ደግሞ ዘጠኝ ፍላጻ በጥንድ ይቻላል ወይ አለ። በሂሳብ ይቻላል። ሦስት ተራ ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ አንዱ ስድስቱን፣ ሌላው መሃል ላይ ሦስቱን ይወረውራል። መሃል የሚገባው ሰው ነው የሚከብደው፤ ባልደረባው 180 ሰጥቶት፣ ሦስት ፍላጻ ብቻ ይዞ፣ የሌላውን ሰው ታሪክ እንዳያበላሽ ይቆማል። ስሙ በመዝገብ ቢገባም መዝጊያዋን የሚመታው ሌላው ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ አመራረጡ ነበር። አሁን ባለው አሠራር ትልልቆቹ አገሮች የሚወከሉት በደረጃ ሰንጠረዥ ከላይ ባሉት ሁለት ሰዎች ነው። አሰልጣኝ የሚመርጠው የለም፣ «እነዚህ ሁለቱ አይግባቡም» የሚል ሰው የለም። ይህ ለክርክር አይመችም፣ ፍትሐዊም ነው፣ ቁጥር አያዳላምና። እኔ ግን ብጠየቅ የመጀመሪያውን ቦታ ለሰንጠረዡ እሰጥና ሁለተኛውን ሰው ያ ተጫዋች ራሱ ከአገሩ ልጆች መካከል እንዲመርጥ አደርጋለሁ። ማን ምን ደብል እንደሚወድ፣ ማን ሲስት እንደሚቆጣ፣ ከማን ጋር ሦስት ተራ ሙሉ ዝም ብሎ መቆም እንደሚችል ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሳይመረጥ የሚቀረው 2ኛ ሰው ጓደኛው ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ግን እኔም ገምቼዋለሁ፤ ለዚያ ለዚያ ሰንጠረዡ ቢቀጥል አልቃወምም።